ቢጎዲን፦ ፀጉርን በውሃ መጠቅለል

ቢጎዲን እርጥብ ፀጉር ተጠቅልሎበት እስኪደርቅ የሚቆይ ክፍት ቱቦ ነው። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ፎን (በንፋስ ማድረቂያው)፣ ፒያስትራ (የፀጉር መተኮሻው)፣ ፎረፎርም እንደዚሁ። ራስ ላይ የሚደፋው ማድረቂያ ካስክ ግን የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ የራስ ቁር ማለት ነው። ጆሮዋ እስኪግል ካስክ ስር የተቀመጠች ሴት ስሙ ለምን እንደተሰጠው ማንም ሳይነግራት ይገባታል።

የአሰራሩ ሌላው መልክ ፒን ከርል ነው። እሱ ቱቦ አይፈልግም። ትንሽ ዘለላ በጣት ከጫፉ ጀምሮ ወደ ስሩ ይጠቀለላል። እንደ ሳንቲም ክብ ሲሆን የራስ ቆዳ ላይ ተጋድሞ በማስያዣ ይያዛል። ሁለቱም የቆሙት በአንድ ነገር ላይ ነው። ፀጉር ሲርስ ቅርፁን ይለቃል፣ ሲደርቅ ደግሞ የተያዘበትን ቅርፅ ይዞ ይቀራል።

በአማርኛ ስለ ሹሩባ፣ ስለ ጎፈሬና ስለ ሳዱላ የተፃፈ አይጠፋም። ስለ ቢጎዲን ግን እምብዛም አይገኝም። እውቀቱ ያለው በፀጉር ሰሪዎች እጅ ላይ ነው። አንዷ ከሌላዋ ጎን ቆማ እያየች የምትማረው ሙያ ነውና በወረቀት መስፈሩ ይገባዋል።

ፀጉሩ ውስጥ ምን ይሆናል

ፀጉር የተሰራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። የኬራቲን ሰንሰለቶች እርስ በርስ የሚያያዙበት ትስስር ብዙ ዓይነት ነው። ደካማው የሃይድሮጅን ትስስር ነው። ውሃ ሲነካው ይላቀቃል፤ ሲደርቅ ባለበት ቦታ እንደገና ይያያዛል። ጠንካራው የሰልፈር ትስስር ነው። እሱን ውሃ አይፈታውም፤ እንደ ፐርምና ሪላክሰር ያለ ኬሚካል ይፈልጋል። ቢጎዲን የሚነካው ደካማውን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ካፊያ ሲመታው ወይም በላብ ሲርስ ወደ ተፈጥሮው የሚመለሰው። ደንበኛ ይህን እንደ ጉድለት ታየዋለች። ለፀጉሩ ግን ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። የተያዘው ቅርፅ በአንድ እጥበት ይለቃል፣ ፀጉሩም እንደነበረ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በእንግሊዝ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም አስትበሪ ሱፍና ፀጉርን በኤክስሬይ አጥንቷል። እርጥብ ፀጉር ሲለጠጥ የኬራቲኑ ውስጣዊ አደረጃጀት እንደሚቀየርም አሳይቷል። እርጥብ ፀጉር ወጠር አድርጋ የምትጠቀልል ሴት ግን ነገሩን በጣቷ ቀድማ ታውቀው ነበር።

"ቢጎዲን ፀጉር ያሳድጋል" ስለሚባለው

ይህን ያልሰማ የፀጉር ቤት ደንበኛ የለም። ቃል በቃል ከተወሰደ ግን ልክ አይደለም። ፀጉር የሚያድገው ከቆዳ ውስጥ ካለው ስሩ ነው። በአማካይ በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ይረዝማል። ከቆዳ ወጥቶ የምናየው ክፍል ሕይወት የለውም። የፈለገው ዓይነት ጥቅል ቢደረግ ስሩን አያፈጥነውም።

ልዩነቱ ያለው ጫፉ ላይ ነው። ከስሩ በወር አንድ ሴንቲ ቢያድግና ከጫፉ አንድ ሴንቲ ቢሰበር፣ ባለ ፀጉሯ "ፀጉሬ አላድግ አለኝ" ትላለች። አድጓል፤ ግን አልተረፈላትም። የኛ ዓይነት ከርዳዳና ጥቅልል ፀጉር ደግሞ በየጥምዝማዙ ስስ ቦታ አለው። ደረቁን ሲበጠር እዚያው እዚያው ይሰበራል። ፒያስትራ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ያልደረቀ ፀጉር ላይ ካረፈ ውስጡ ያለው ውሃ ፈልቶ ፀጉሩ ውስጥ አረፋ ይሰራል። እንዲህ የሆነ ፀጉር እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ይላል።

ቢጎዲን ከዚህ ሁሉ ይገላግላል። ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ አንዴ ይፈታታል፣ ተወጥሮ ይደርቃል፣ ከዚያ ለቀናት ብዙ ማበጠር አያስፈልገውም። በየቀኑ ያልተጎተተ ፀጉር ጫፉ ይተርፋል። ስለዚህ ፀጉር ሰሪዎቹ በውጤቱ አልተሳሳቱም፤ ምክንያቱን ነው ሌላ ቦታ ያደረጉት።

የራሱ ጉዳትም አለው። እርጥብ ፀጉር ከደረቁ ይልቅ በቀላሉ ይለጠጣል፤ ከልክ በላይ ከተወጠረ ይበጠሳል። ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ በየሳምንቱ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ስሩን ያዳክማል። ፊት ለፊቱ ገባ ገባ እያለ ይሳሳል፤ ልክ ጥብቅ ሹሩባ እንደሚያደርገው። ውስጡ ብሩሽ ያለው ቢጎዲን ሲፈታ ፀጉር ይነቅላል። ለስላሳው ፕላስቲክ ይሻላል፣ ለመጠቅለል ግን የሰለጠነ እጅ ይጠይቃል። ሪላክሰር የተነካ ፀጉር ሲርስ ይበልጥ ደካማ ስለሚሆን እጅ ማቅለል ግድ ነው።

ከየት መጣ

ፀጉር መጠቅለል በጣም ጥንታዊ ነው። ሮማውያን ካላሚስትረም የሚባል የጋለ ብረት ነበራቸው። ከዚያ በኋላ አውሮፓውያን በጨርቅና በወረቀት ቁራጭ እየጠቀለሉ ያድሩ ነበር።

ዘመናዊው ታሪክ የሚጀምረው በ1870ዎቹ ነው (እዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፈረንሳዊው ማርሴል ግራቶ በጋለ መቆንጠጫ ሞገድ የሚመስል ፀጉር መስራት ጀመረ፤ ስሙም "ማርሴል" ተብሎ ለአሰራሩ ቀረ። ቀጥሎ ጀርመናዊው ካርል ኔስለር መጣ። በ1905 ለንደን ውስጥ፣ አንዳንዶች በ1906 ይላሉ፣ በውሃ የማይለቅ ጥቅል ለሕዝብ አሳየ። መጀመሪያ የሞከረው በባለቤቱ በካታሪና ላይ ነው። ፀጉሯ ተቃጠለ፣ ራሷም ቆሰለ፤ እሷ ግን ደግማ ተቀመጠችለት። የነሐስ ዘንጎቹ ከባድ ስለነበሩ ከጣራ በተንጠለጠለ ማመጣጠኛ ይያዙ ነበር። አንድ ሴት ስድስት ሰዓት ያህል ትቀመጥ ነበር ይባላል።

ከዚያ የማርጆሪ ጆይነር ነገር ይመጣል። ይህች ጥቁር አሜሪካዊት በማዳም ሲ. ጄ. ዎከር ኩባንያ ትሰራ ነበር። የስጋ ጥብስ ከውስጥ እንዲበስል የሚሰኩትን ዘንጎች አይታ ሀሳቡ መጣላት። ብዙ ዘንግ በአንድ ጊዜ የሚያሞቅ ማሽን ሰርታ በ1928 የፈጠራ መብት አገኘች። መብቱ ግን የኩባንያው ሆነ፤ ከገንዘቡ የደረሳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጆይነር በ1973፣ በ77 ዓመቷ፣ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያዘች። የኖረችውም 98 ዓመት ነው። ስለ ፀጉር ማሽን ሲወራ ኔስለር ተደጋግሞ ይነሳል። የእሷም ስም እኩል ሊነሳ ይገባል።

የፒን ከርል ወርቃማ ዘመን 1930ዎቹና 40ዎቹ ናቸው። ገንዘብ የጠፋበት ጊዜ ስለነበር ሴቶች ማታ ቤታቸው ይጠቀልሉ ነበር። ለማስያዝ ተልባ ቀቅለው ዝልግልጉን ይቀቡታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብረት ለጦር መሳሪያ ስለተፈለገ አሜሪካ ውስጥ የፀጉር ማስያዣ ሳይቀር ብርቅ ሆነ። የፋብሪካ ሰራተኞች ጥቅላቸውን በሻሽ ሸፍነው ይሰሩ ነበር።

ትልልቁ ቢጎዲን የነገሰው በ1960ዎቹ ነው። በ1960 የቺካጎዋ ማርጋሬት ቪንቺ ሄልት የንብ ቀፎ የሚመስለውን ከፍ ያለ ፀጉር ለአንድ የውበት መፅሔት ሰራች። ያንን ከፍታ በየሳምንቱ በቢጎዲንና በካስክ ማደስ ግድ ነበር። ትልቅ ቢጎዲን ያጣች ባዶ የጭማቂ ቆርቆሮ ትጠቀም ነበር። በዚያው አስር ዓመት እንግሊዛዊው ቪዳል ሳሱን ታጥቦ እንዲሁ የሚተው አቆራረጥ አመጣ፤ የየሳምንቱ ካስክም በምዕራቡ ዓለም ቀነሰ። አሰራሩን በፅናት የያዙት ጥቁር አሜሪካውያንና ዶሚኒካኖች ናቸው። ኒውዮርክ ያሉ የዶሚኒካን ፀጉር ቤቶች እስካሁን ፀጉር የሚያለሰልሱት መጀመሪያ በትልቅ ቢጎዲን ጠቅልለው፣ ካስክ አስገብተው፣ ከዚያ ፎን አድርገው ነው።

እኛ ጋ

በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ በተነሱ ፎቶዎች ከፍ ብሎ የተነፋ ፀጉር ይታያል። ቀጥሎ ጎፈሬ አፍሮ ተብሎ ወደ ከተማ ተመለሰ። ከዚያም ሪላክሰር፣ ዊግና ሂውማን ሄር መጡ።

ቢጎዲን ግን ከፀጉር ቤት አልወጣም። ከቅቤ ጋርም ተስማምቷል። ለጋ ቅቤ ተቀብቶ ስቲም ይገባል፣ በሻምፖ ይለቀቃል፣ ከዚያ ነው የሚጠቀለለው። ቅቤው በደንብ ካልወጣ ጥቅሉ አይይዝም፤ ፀጉሩ ከብዶ ይወርዳል።

አሰራሩ ቀላል ይመስላል። ባለሙያዋ በማበጠሪያ ጭራ መስመር ታወጣለች። የዘለላው ስፋት ከቢጎዲኑ ስፋት መብለጥ የለበትም። ዘለላውን ወደ ላይ ወጠር አድርጋ ከስር እስከ ጫፍ ታበጥራለች። ጫፉን በስስ ወረቀት ትይዛለች፤ አለበለዚያ ጫፉ ታጥፎ ይደርቅና እንደ መንጠቆ ይቀራል። ፀጉሩ ቱቦውን አንዴ ብቻ ከዞረ ጫፉ ይታጠፋል። አንዴ ተኩል ከዞረ ሞገድ ይሆናል። ሁለት ተኩል ሲዞር ነው ጥቅልል የሚወጣው። ስሩ ላይ ቁጭ ካለ ፀጉሩ ይነፋል፤ ከስሩ ራቅ ካለ ይተኛል። የመሃሉ ሲያልቅ ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ማጅራት። መረብ ይታሰራል፣ ጆሮ ላይ ጥጥ ይደረጋል።

ከዚያ ካስክ። ስስ ፀጉር ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ወፍራሙ ከሰዓት በላይ ይፈልጋል። ካስክ ውስጥ ያለች ሴት የምትሰማው ንፋሱን ብቻ ነው፤ "ሞቀሽ እንዴ?" ስትባል "እ?" ብላ ትጮሃለች። በበዓል ዋዜማ ወረፋው ከበሩ ይወጣል። በዚህ መሃል መብራት ከጠፋ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ቡና እየጠጡ መጠበቅ፣ ወይ ከነቢጎዲኑ ሻሽ አስሮ ወደ ቤት መሄድ። ሁለተኛውን የመረጡ ብዙ ናቸው፤ ቢጎዲኑንም በማግስቱ ይመልሳሉ።

ከካስክ እንደወጡ መፍታት ስህተት ነው። መጀመሪያ መቀዝቀዝ አለበት። ባለሙያዋ ማጅራት ላይ ያለውን አንዱን ብቻ ፈታ በጣቷ ትዳስሳለች፤ እርጥበት ካለው መልሳ ትጠቀልለውና ካስኩን እንደገና ታወርዳለች። የደረቀው ከታች ወደ ላይ እየተፈታ በጣት ይከፈላል። ማታ ሲተኛ ትልልቅ ዘለላ እየተደረገ በፒን ከርል ይያዛል፣ ከላዩ የሐር ወይም የሳቲን ሻሽ ይታሰራል። የጥጥ ትራስ ፀጉሩን ያደርቀዋል፣ ይፈትገዋልም። በዚህ ከተያዘ፣ ዝናብም ካልመታው፣ ሳምንት ይሄዳል።