የአተነፋፈስ ልምምድ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ

የአተነፋፈስ ልምምድ ትንፋሽን ሆን ብሎ ማዘግየትና በልክ ማድረግ ነው። ዓላማው ሰውነት ውጥረት ሲመጣበት ቶሎ እንዳይናወጥ፣ ከተናወጠም ቶሎ እንዲረጋጋ ማስለመድ ነው። ስሙ ለብዙ የባሕር ዳር ሰው አዲስ ሊመስል ይችላል። ትንፋሽን መግራት ግን በጣና ዙሪያ የቆየ ሥራ ነው። ያቆዩትም ገዳማቱና የአብነት ትምህርት ቤቶቹ ናቸው።

ሰው ሲጨነቅ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ያጥራልም። ልቡ ይመታል፣ ትከሻው ይወጠራል። ልብን «ቀስ በል» ብንለው አይሰማንም። ትንፋሽ ግን በራሱም ይሄዳል፣ ስናዘውም ይታዘዛል። አየር ስናስገባ የልብ ምት ጥቂት ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ይዘገያል። የሚወጣውን ትንፋሽ ስናስረዝም ቬገስ የሚባለው ነርቭ ልብን የማረጋጋት ሥራው ይጎላል። ይህ ነርቭ ከአንጎል ግንድ ተነስቶ ልብን፣ ሳንባንና ሆድ ዕቃን የሚያዳርስ ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በልምምዱ ይህ ወደ 6 ገደማ ይወርዳል።

በአካባቢው ከሁሉ የጠለቀው የትንፋሽ ትምህርት የቤተ ክርስቲያን ዜማው ነው። በትውፊት እንደሚነገረው የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ቅዱስ ያሬድ በጣና ቂርቆስ ተቀምጧል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተባለውን የዜማ ድርሰትም በዙር አምባ ደርሷል። የዝማሬ መዋሥዕቱ ምስክር ቤት (መምህር የሚመሰከርለት ትምህርት ቤት) ዙር አምባ፣ የድጓው (የዋናው የዜማ መጽሐፍ) ምስክር ቤት ቤተ ልሔም፣ ሁለቱም ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ በጋይንት ምድር ናቸው። በድጓ መምህርነት የሚመረቅ ሁሉ ቤተ ልሔምን ይናፍቃል። የዜማ ምልክቶቹን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሯቸው ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ርክርክ፣ ሂደትና ቁርጥ ይባላሉ። ተማሪው ድምፁን የት እንደሚያነሳ፣ የት እንደሚይዝና የት እንደሚቆርጥ ከእነሱ ያውቃል። ሐረጉን ሳይጨርስ ትንፋሽ ካጠረው ዜማው ይሰበራል። ስለዚህ ሦስቱን የዜማ ዓይነቶች፣ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን፣ ሲቀጽል ትንፋሹንም አብሮ ያጠናል። የዚህ ፍሬ በማኅሌት ይታያል። ሊቃውንቱ መቋሚያ ተደግፈው፣ ጸናጽል ይዘው ሌሊቱን ሙሉ ይቆማሉ። ትንፋሹን ያላደላደለ ሰው እስከ ንጋት አይዘልቅም።

እርግጥ ነው፣ ዜማ የሚማር ማንም ሰው ጭንቀት ለማቅለል ብሎ አይማርም። ለአምልኮ ነው። መረጋጋቱ ተከትሎ ይመጣል።

ጸሎቱም እንዲሁ ነው። በዘጌ፣ በክብራንና በዳጋ ገዳማት መቁጠሪያ ይዞ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያሉ 41 ጊዜ መድገም የዘወትር ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በጣልያን አገር 23 ጤነኛ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ታትሟል። በላቲን የሚደገም የማርያም ጸሎት፣ በመቁጠሪያ ሲደረግ፣ ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 እንዳወረደ አሳይቷል። እግዚኦታው የዚያ ጥናት አካል አልነበረም። ቢሆንም ሳይጣደፍ የሚደግም የጣና መነኩሴ ከዚያ ልክ በእጅጉ ይርቃል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። በከተማው ሙስሊሞች ዘንድ ከሶላት በኋላ 33፣ 33 እና 34 ጊዜ የሚባለው ዚክርም ረጋ ተብሎ ሲደረግ ከዚህ ወገን ነው። በደንገል ታንኳ ከዘጌ ማገዶ የሚያመጡ ቀዛፊዎችም ትንፋሻቸውን ከመቅዘፊያው ጋር ያስማማሉ።

ዛሬ ልምምዱ የሚያስፈልገው ሰው በዝቷል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ግጭት አለ። ጭንቀቱ በየቤቱ ገብቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለውጥረት ጊዜ ባወጣው ሥዕላዊ መመሪያም ቀስ ብሎ መተንፈስ አለበት።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ብርም አይጠይቅም። ሰውየው ወገቡን ቀና አድርጎ ይቀመጣል፤ አንድ እጁን ሆዱ ላይ ያኖራል። በአፍንጫው እስከ 4 እየቆጠረ ያስገባል፤ ሆዱ እጁን ሲገፋው ይሰማዋል። ከዚያ እስከ 6 እየቆጠረ ያስወጣል። ለጀማሪ 5 ደቂቃ ይበቃል። ጠዋት ፀሐይ ሳይከር በሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ቢሆን ደስ ይላል፤ ግን ባጃጅ ውስጥም፣ ቢሮ ወንበር ላይም ይሆናል። ዋናው ሳይጨነቁ ማዘውተር ነው። ጭንቀቱ ከመጣ በኋላ ብቻ ለሚሞክር ሰው ነገሩ እንግዳ ይሆንበታል።

ስለ ጥቅሙ መጠን ተመራማሪዎች አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የስታንፎርድ ጥናት በቀን 5 ደቂቃ፣ ለአንድ ወር፣ ማስወጫውን የሚያስረዝም አተነፋፈስ ስሜትን እንዳሻሻለ ዘግቧል። በዚያው ዓመት የወጣ 400 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ግን በደቂቃ 5 ተኩል ጊዜ በተነፈሱትና በ12 በተነፈሱት መካከል ልዩነት አላገኘም። ምናልባት የሚጠቅመው ቁጥሩ ሳይሆን በየቀኑ ረጋ ብሎ መቀመጡ ይሆናል። የማኅሌቱን ሰዎች ላየ ይህ አይገርመውም።

አንዳንድ ሰው ትንፋሹን ሲያዳምጥ ይበልጥ ይጨነቃል። እሱ ዓይኑን ገልጦ፣ እየተራመደ ቢሞክረው ይሻለዋል። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። እንቅልፍ የነሳ፣ ሥራ ያስቆመ ጭንቀት በትንፋሽ ብቻ አይተውም፤ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ፈጣን አተነፋፈስ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ስለሚያሳንስ ያዞራል፣ ጣት ያደነዝዛል። ጣና ውስጥ ከመዋኘት በፊት እንዲህ መተንፈስ ሰውን ውኃ ውስጥ ራሱን ሊያስተው ስለሚችል ጨርሶ አይደረግም።