ለብረት ድስት የሚመች የግንድ ጎጆ ማድ ቤት

በአሜሪካ የአፓላቺያ ተራሮች ውስጥ ብዙ የግንድ ጎጆዎች አሉ። ግድግዳቸው ድፍን ግንድ ነው። ማድ ቤታቸው ጠባብ ነው። በዚያ ጠባብ ቦታ ከባድ ጥቁር መጥበሻና ባለ ክዳን የብረት ድስት ይሰቀላል፣ ይጣዳል፣ ይታጠባል። ዛሬም የዕረፍት ጎጆ የሚያሠራ ሰው ይህን ማድ ቤት ይመኛል። ብዙ ጊዜ ግን የሚቀዳው መልኩን ብቻ ነው፤ ያረጀ የሚመስል ጣውላ፣ የጠቆረ መስቀያ፣ ዝገት የመሰለ ቀለም። የጥንቱ ማድ ቤት እንዲህ የሆነው እንዲያምር ተብሎ አይደለም። ድስቱ አስገድዶት ነው። ንድፉም ከድስቱ ቢጀምር ይሻላል።

ድስቱ ካስት አይረን የሚባለው ነው። ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ማለት ነው። ከ2 እስከ 4 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው። ጠንካራ ነው፣ ከወደቀ ግን ሊሰበር ይችላል። ቶሎ አይሞቅም። አንዴ ከሞቀ ግን ሥጋ ቢጣልበትም በቀላሉ አይበርድም። እንግሊዛዊው አብርሃም ዳርቢ ድስትን በአሸዋ ቅርጽ የማውጣት የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1707 ነው። ከዚያ ወዲህ የብረት ድስት እየረከሰ ተራው ሰው ቤት ገባ።

የግንድ ቤት አሠራርን ወደ አሜሪካ ያመጡት ከ1638 ጀምሮ በዴላዌር ወንዝ ዳር የሰፈሩ ስዊድኖችና ፊንላንዶች እንደሆኑ ይታመናል። ኋላ ሌሎች ሰፋሪዎች ወደ ተራሮቹ ይዘውት ዘለቁ። በጥንቶቹ ጎጆዎች ማብሰያውም ማሞቂያውም አንድ ነበር፤ ከድንጋይ የተሠራ ሰፊ የእሳት ቦታ። ከጎኑ የሚዞር የብረት ክንድ አለው፣ ድስቱ እሱ ላይ ይንጠለጠላል። መጥበሻው ሦስት እግር ነበረው። ሰዉ «ሸረሪት» ይለው ነበር። የራሱን ጉልቻ ይዞ የሚዞር መጥበሻ በሉት። በ19ኛው መቶ ዘመን ላዩ ጠፍጣፋ የሆነ የብረት ምድጃ ሲስፋፋ እግሮቹ እየቀሩ ሄዱ።

በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል አቅም ያለው ሰው ማድ ቤቱን ከዋናው ቤት ለይቶ ይሠራ ነበር። ሙቀቱንና ቃጠሎውን ለመሸሽ ነው። ጭስ ቤቱ ጓሮ በሆነበት ግቢ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። በትልልቆቹ እርሻዎች በእነዚያ ማድ ቤቶች የሚያበስሉት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። የደቡብ ምግብ ጣዕም ብዙው ከእነሱ እጅ የወጣ ነው። ስለ እነዚህ ማድ ቤቶች ሲወራ ይህን መዝለል ተገቢ አይመስለኝም።

በዚሁ አካባቢ፣ በቴነሲ ግዛት በሳውዝ ፒትስበርግ ከተማ፣ ጆሴፍ ሎጅ በ1896 የብረት ማቅለጫ ከፈተ። የመጀመሪያው ማቅለጫ ብላክሎክ ይባል ነበር። በ1910 ተቃጠለ፣ እንደገና ሲቋቋም ሎጅ ተባለ። እስከ ዛሬም መጥበሻ ያመርታል። ድርጅቱ ከ2002 ጀምሮ መጥበሻዎቹን አሟሽቶ መሸጥ ጀመረ።

«ማሟሸት» ያልኩት አውቄ ነው። አዲስ የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር እየታሸ እንደሚሟሽ ሁሉ፣ የብረት መጥበሻም ስስ ዘይት ተቀብቶ በኃይለኛ ሙቀት ይቃጠላል። ዘይቱ ብረቱ ላይ ይደርቅና ጥቁር ለስላሳ ሽፋን ይሆናል። ምግብ እንዳይይዝ የሚያደርገው፣ ከዝገትም የሚጠብቀው ይህ ሽፋን ነው። ሥራው ግን ያጨሳል። ማድ ቤቱ ስለ ጭስ አስቀድሞ ማሰብ ያለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከጭስ በፊት ግን ክብደት አለ። 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መጥበሻ ባዶውን 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። መካከለኛ ባለ ክዳን ድስት 6 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል፤ ወጥ ሲሞላ ደግሞ አስቡት። ይህን ከራስ በላይ ካለ መደርደሪያ ማውረድ አደጋ ነው። ድስቱ ከወገብ በታች፣ ወፍራም ጣውላ ላይ ይቀመጥ። መጥበሻዎቹ ግድግዳ ላይ ቢሰቀሉ ያምራሉ፣ ይደርቃሉም። መስቀያው ግን ግንዱ ውስጥ ወይም የጣሪያው ተሸካሚ ውስጥ ጠልቆ መግባት አለበት። ስስ ሽፋን ጣውላ ላይ የተመታ ምስማር አይችለውም።

ከምድጃው ግራና ቀኝ ድስት ማሳረፊያ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ማድ ቤት ነዳፊዎች በአንዱ በኩል ቢያንስ 30፣ በሌላው 38 ሴንቲሜትር ይተዋሉ። ለብረት ድስት እኔ ብጠየቅ ይህን ሰፋ አደርገዋለሁ። ማሳረፊያው ግለት የሚችል ድንጋይ ይሁን። ሶፕስቶን የሚባለው ለስላሳ ድንጋይ ለዚህ ይመረጣል። እንጨት ይቃጠላል፣ ላሚኔት የሚባለው በፕላስቲክ የተለበጠ ጣውላ ያብጣል። ላዩ መስታወት የሆነ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ካስት አይረን ይሠራል፤ ከተጎተተ ግን ይጭረዋል፣ ከወደቀበት ይሰነጥቀዋል።

ከግንድ ቤት ጋር የሚመጣ፣ ብዙ ሰው የማያስበው ጉዳይም አለ። ግንድ ሲደርቅ ይኮማተራል። እርጥብ ሳለ የተደረደረ የ2.4 ሜትር ግድግዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል። ካቢኔቱ በጥብቅ ብሎን ከላይም ከታችም ከግንዱ ጋር ከታሰረ ይጣመማል፣ በሩ አልዘጋ ይላል። ስለዚህ ብሎኑ በረዘመ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ግንዱ ሲወርድ ብሎኑ አብሮ ይንሸራተታል፣ ካቢኔቱ ባለበት ይቆያል። የጭስ ማውጫው ቧንቧም አይወርድም። ጣሪያው ብቻ ስለሚወርድ መገናኛቸው ላይ መንቀሳቀሻ ክፍተት ይተዋል።

የእንጨት ምድጃ ከገባ ርቀት ሕይወት ነው። ኤንኤፍፒኤ 211 የሚባለው የአሜሪካ ደንብ፣ በላብራቶሪ ላልተፈተነ ምድጃ ከሚቃጠል ግድግዳ 91 ሴንቲሜትር ርቀት ይጠይቃል። ግድግዳው ላይ ቆርቆሮ ቢደረግና ከኋላው 2.5 ሴንቲሜትር ያህል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ቢተው ርቀቱ ሊቀንስ ይችላል። ቆርቆሮው ግንዱ ላይ ተለጥፎ ከተመታ ግን ጥቅም የለውም። ሙቀቱን ያስተላልፈዋል። የተፈተነ ምድጃ ከሆነ የአምራቹ ጽሑፍ ይከበር።

ጭስ ማውጫው ከጣሪያው ከሚወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። በ3 ሜትር ዙሪያው ካለ ከማንኛውም የጣሪያ ክፍልም 60 ሴንቲሜትር ይበልጣል። አጭር ከሆነ ነፋሱ ጭሱን ወደ ቤት ይመልሳል። እርጥብ እንጨት ሲነድ ደግሞ ቧንቧው ውስጥ ሬንጅ የመሰለ ጥቀርሻ ይጋገራል፣ አንድ ቀንም ሊቀጣጠል ይችላል። ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታይ፣ ከቆሸሸ ይጠረግ።

ለመጥበሻው ጭስ ብዙዎች ኃይለኛ ሁድ፣ ከምድጃው በላይ ሆኖ ጭስ የሚስብ መሣሪያ፣ ይገዛሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ጎጆዋ ትንሽና በደንብ የተደፈነች ከሆነች ሁዱ የሚስበው አየር ከየት ይመጣል? ከእንጨት ምድጃው ጭስ ማውጫ በኩል ነው የሚመጣው። ጭሱን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዘኛ ጋዝም ቤቱን ይሞላዋል። ብዙ የአሜሪካ አካባቢዎች የሚከተሉት የግንባታ ደንብ፣ በሰዓት ከ680 ሜትር ኩብ ገደማ በላይ አየር የሚስብ ሁድ ካለ ምትክ አየር የሚያስገባ መስመር ሊያስፈልግ እንደሚችል ያስቀምጣል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎች ምን እንደሚደርስባቸው አገራችን ውስጥ በየጊዜው እንሰማለን። መርዙ ያው ነው። ይህን ጋዝ የሚጠቁም መሣሪያ መኝታው አጠገብ ይሰቀል።

የሚያጨሰውን ሥራ ደጅ ማውጣትም ይቻላል። በረንዳ አጠገብ፣ ከጣሪያ ራቅ ብሎ፣ በወገብ ቁመት የብረት ጠረጴዛ ይቆማል። እሱ ላይ ደች ኦቨን በሚባለው ባለ ክዳን የብረት ድስት ይሠራበታል። ይህ ድስት ክዳኑ ጠርዝ አለው፣ ፍም እንዳይንሸራተት። 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለውን ወደ 180 ዲግሪ ለማድረስ 25 ያህል የታመቀ ከሰል ይበቃል፤ 8 ከታች፣ 17 ከላይ። ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ተደርጎለት ሲጋገር ያየ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ይረዳል። ለዚህም ነው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖር ወገኔ ጎጆ ሲከራይ ይህን ድስት ልብ ብሎ እንዲያየው የምመክረው። ድፎ ይወጣበታል።

የቀረው ውሃ ነው። መጥበሻ ከነእጀታው ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ሊጠጋ ስለሚችል ጠባብ ሲንክ አያስገባውም። ሰፊ አይዝጌ ብረት ይመረጣል፤ ድስቱ ሲመታው የሚላጥ ነገር የለውም። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ለዚህ ብረት አይሆንም። በእጅ ይታጠባል፣ ምድጃ ላይ ተጥዶ ይደርቃል፣ በስሱ ዘይት ይቀባል። ጎጆዋ ለብርዱ ወራት ስትዘጋ የውሃው መስመር ይፈሳል፣ በረዶ ቧንቧውን እንዳያፈነዳው። ድስቶቹም ውስጣቸው እንዳይታፈን በክዳኑና በአፋቸው መካከል የታጠፈ ወረቀት ይደረጋል።