ስኳር ድንች፣ ጨውና ሃምበርገር፦ የጃፓን ማዕድና በሽታ

«የእስያ ምግብ ጤና ነው» ሲባል እንሰማለን። እስያ ግን ሰፊ ናት። ጃፓን ብቻዋን እንኳ አንድ ዓይነት ማዕድ አልነበራትም። በደቡብ ጫፍ ያሉት የኦኪናዋ ደሴቶች በረጅም ዕድሜ ስማቸው ሲነሳ፣ የሰሜኑ ገበሬ በስትሮክ ይሞት ነበር። ሁለቱም የሚበሉት ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱትን ነው። ስለዚህ የአገር ስም ከመጥራት ሳህኑ ላይ ያለውን ማየት ይሻላል። (ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኦኪናዋ ሳህን

ኦኪናዋ እስከ 1879 ድረስ ሪዩኪዩ የሚባል የራሷ ንጉሥ ያላት መንግሥት ነበረች። አፈሯ ስስ ነው፤ አውሎ ነፋስ በየዓመቱ ይመታታል። ሩዝ እንደ ልብ አይበቅልባትም። በ1605 ኖጉኒ ሶካን የተባለ ሰው ከቻይና የስኳር ድንች ተክል ይዞ መጣ። ስኳር ድንች የሚያፈራው ከመሬት በታች ስለሆነ ነፋስ አያወድመውም። ከዚያ ወዲያ የደሴቶቹ ሰው ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ጠዋትም ማታም የሚበላው እሱን ሆነ።

በ1949 የተደረገ ጥናት የዚያን ዘመን አመጋገብ በቁጥር አስቀርቶልናል። አንድ ሰው በቀን በአማካይ 1,785 ካሎሪ ያህል ያገኝ ነበር። ሁለት ሦስተኛው የሚመጣው ከስኳር ድንች ነው፤ በክብደት 850 ግራም ገደማ። ሩዝ 150 ግራም ያህል፣ አኩሪ አተር 70 ግራም፣ ዓሣ 15 ግራም። ሥጋ 3 ግራም። አዎ፣ ሦስት። ከቅባት የሚገኘው ካሎሪ 6 በመቶ ብቻ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ገና አራት ዓመቱ ስለነበር ቁጥሩ ውስጥ ችግርም አለበት። ቢሆንም ከጦርነቱ በፊትም ቢሆን የብዙኃኑ ምግብ ይኸው ስኳር ድንች ነበር።

ወላይታ አካባቢ ያደገ አንባቢ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ስኳር ድንች ሆድ ይሞላል እንጂ እንግዳ አይቀበሉበትም። ኦኪናዋም እንዲሁ ነበር፤ ነጭ ሩዝ የባለጸጋ፣ ስኳር ድንች የድሃ። ሆድ የሚሞላው ግን በትንሽ ካሎሪ ነው፤ ፋይበርና ፖታሲየምም በብዛት አለው። የድሃው ምግብ ሳይታወቅ ደም ግፊትንና ውፍረትን ይከላከል ነበር።

ከስኳር ድንቹ ጋር ጠንከር ያለ የደሴቱ ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የሚሠራ፣ አይብ የሚመስል ምግብ)፣ ጎያ የሚባል መራራ አትክልትና ቅጠላ ቅጠል ይቀርባል። ቶፉውንና አትክልቱን አብሮ መጥበስ «ቻምፑሩ» ይባላል። ኮምቡ የሚባለው የባሕር ተክልም አለ። የሚገርመው ኮምቡ ኦኪናዋ ባሕር ውስጥ አይበቅልም። ነጋዴዎች ከሩቁ ሰሜን፣ ከሆካይዶ ወደ ቻይና ሲያሻግሩት በመንገድ ላይ የደሴቱ ድስት ውስጥ ገባና እዚያው ቀረ።

ኦኪናዋ የጾም ምግብ ብቻ የሚበላ ሕዝብ አይደለም። ለብዙዎቻችን የማይበላው አሳማ ለእነሱ የበዓል ምግብ ነው፤ ጆሮው እግሩ ሳይቀር ይበላል። ሥጋው ለሰዓታት ይቀቀላል፤ የሚንሳፈፈው ስብ እየተገፈፈ ይጣላል። በመረቁ ጣዕም ስለሚተማመኑ ጨው አያበዙም። ከሌላው ጃፓን ጋር ሲወዳደር የኦኪናዋ ሰው የጨው ፍጆታ ሁልጊዜም ዝቅ ያለ ነው። ሽማግሌዎቹ «ሃራ ሃቺ ቡ» ይላሉ፤ ሆድህ አስር እጅ ከሚይዘው ስምንቱ ሲሞላ ተነሣ ማለት ነው።

በ1975 የልብ ሐኪሙ ማኮቶ ሱዙኪ መቶ ዓመት የሞላቸውን የኦኪናዋ አዛውንት ማጥናት ጀመሩ። የልብ በሽታ፣ የጡትና የፕሮስቴት ካንሰር በደሴቶቹ ዝቅተኛ ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ የዓለም ጋዜጠኛ በሙሉ ወደዚያ ጎረፈ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በ1945ቱ ጦርነት የኦኪናዋ የቤተሰብ መዝገብ በብዛት ጠፍቷል። በ2010 ደግሞ የጃፓን ፍትሕ ሚኒስቴር መዝገብ ላይ መቶ ዓመት ካለፋቸው ሰዎች ከ230,000 በላይ የሚሆኑት የት እንዳሉ እንደማይታወቅ ይፋ አደረገ። ሳውል ኒውማን የተባለ ተመራማሪ ብዙው «የመቶ ዓመት» ወሬ የመዝገብ ስህተት ነው ብሎ ተከራክሯል፤ በ2024 ኢግ ኖቤል የተባለውን አስቂኝ ሽልማትም ወስዷል። ትችቱ ቀላል አይደለም። በእኔ እይታ ግን የኦኪናዋ ጉዳይ በሽማግሌዎች ዕድሜ ብቻ አይቆምም። በ1985 የኦኪናዋ ወንዶች አማካይ ዕድሜ ከ47ቱ የጃፓን አውራጃዎች አንደኛ ነበር። አማካዩ የሚሰላው ደግሞ ጎልማሳውንና ወጣቱን ጨምሮ ነው።

አንደኛ ከመሆን ወደ 43ኛ

ከጦርነቱ በኋላ ኦኪናዋ እስከ 1972 ድረስ በአሜሪካ ሥር ቆየች። የጦር ሰፈሮቹ ከወታደር ጋር ቆርቆሮ ሥጋ፣ ቅቤና ጥብስ ይዘው መጡ። የመጀመሪያው የአሜሪካ ሃምበርገር ቤት እዚያ የተከፈተው በ1963 ነው፤ ማክዶናልድስ ቶኪዮ ከመግባቱ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ። በ1984 ደግሞ ኪን በሚባል ከተማ፣ ከአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ሰፈር በር ላይ፣ የሜክሲኮን ታኮ መሙያ፣ ማለትም በቅመም የበሰለ የተፈጨ ሥጋ፣ በሩዝ ላይ የሚያፈስ ምግብ ተፈጠረ። ዛሬ «የኦኪናዋ ባህላዊ» ተብሎ ይሸጣል።

ትራንስፖርቱም ተለወጠ። ባቡሩ በጦርነቱ ወደመ፤ የከተማ ባቡር እንደገና የመጣው በ2003 ነው። በመሃሉ ሰዉ መኪና ለመደ። አጭሩንም መንገድ በመኪና።

ደረጃው ሲወርድ ፈጣን ነበር። በ1995 አውራጃው ራሱን «የዓለም የረጅም ዕድሜ ስፍራ» ብሎ አወጀ። የዚያን ዓመት ወንዶቹ አራተኛ ነበሩ። በ2000ው ስሌት 26ኛ ወጡ። ጃፓኖች እስከ ዛሬ «የ26ቱ ድንጋጤ» ይሉታል። በ2020 ወንዶቹ 43ኛ፣ ሴቶቹ 16ኛ ሆነዋል። ዕድሜያቸው አጠረ ማለት አይደለም፤ ሌላው አውራጃ እየሮጠ አለፋቸው። ስኳር ድንች እየበሉ ያደጉት አሮጊቶች አሁንም ደህና ናቸው። በሃምሳና በስልሳ ዓመት የሚሞቱት በሃምበርገርና በቆርቆሮ ሥጋ ያደጉት ልጆቻቸው ናቸው።

ጨው ገዳዩ

ታዲያ የድሮው ምግብ ሁሉ መድኃኒት ነበር? አልነበረም። በሰሜን ጃፓን ክረምቱ ረጅም ነው። ገበሬው ሩዙን የሚያወርደው በጨው በተቀመጠ አትክልት፣ በጨው ዓሣና በሚሶ (ከአኩሪ አተርና ከጨው ቦክቶ የሚሠራ ለጥፍ) ሾርባ ነበር። አኪታ በሚባለው አውራጃ በ1950ዎቹ አንድ ሰው በቀን ከ20 ግራም በላይ ጨው ይበላ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ከ1951 እስከ 1980 በጃፓን ቁጥር አንድ ገዳይ ስትሮክ የነበረው ያለምክንያት አይደለም።

ናጋኖ የምትባለው ተራራማ አውራጃም ያው ችግር ነበረባት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጨው ቅነሳ ዘመቻ ጀመረች። ሥራውን የሠሩት በአብዛኛው በየመንደሩ የተመረጡ የቤት እመቤቶች ናቸው። በየቤቱ እየዞሩ የሾርባውን ጨው በመሣሪያ ይለካሉ። «ሚሶውን ተው» አላሉም። አትክልቱን አብዙ፣ ሾርባውን አቅጥኑ፣ የኑድሉን መረቅ አትጨርሱ ነበር ምክራቸው። በ1990 የናጋኖ ወንዶች፣ በ2010 ደግሞ ሴቶቹ በዕድሜ ከጃፓን አንደኛ ወጡ። የፍሪጅ መስፋፋትም ረድቷል፤ ዓሣን በጨው ማቆየት ቀረ። ለእኔ ከኦኪናዋ ይልቅ የናጋኖ ታሪክ ይበልጣል። እዚያ የሰራው ውርስ ሳይሆን ማስተካከል ነው።

ነጭ ሩዝና የባሕር ኃይሉ

ጃፓን ምግብን በሽታ መከላከያ ማድረግ የጀመረችው ግን ከዚህ በፊት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤሪቤሪ እግር የሚያሽመደምድና ልብ የሚያቆም በሽታ ነበር። ይበልጥ የሚይዘው በደንብ የተፈተገ ነጭ ሩዝ የሚያገኘውን ከተሜና ወታደር ነው። ከ1882 እስከ 1883 በተጓዘች አንዲት የባሕር ኃይል መርከብ ላይ ከ160 በላይ ሰዎች ታመው 25 ሞቱ። ሐኪሙ ታካኪ ካኔሂሮ በ1884 ሌላ መርከብ በዚያው መስመር ላኩ፤ ስንቁ ግን ሥጋ፣ ወተትና ዳቦ የተጨመረበት ነበር። አንድም ሰው በቤሪቤሪ አልሞተም። ታካኪ ምክንያቱን የፕሮቲን ማነስ ነው ብለው ተሳስተዋል፤ መፍትሔው ግን ሠራ። ምድር ጦሩ አልሰማም። ከ1904 እስከ 1905 በተደረገው የሩስያ ጦርነት ከ27,000 በላይ ወታደሮቹ በቤሪቤሪ አለቁ። ኡሜታሮ ሱዙኪ በ1910 ከሩዝ ብራን፣ ማለትም ተፈትጎ ከሚጣለው ገለባ፣ ያወጡት ቤሪቤሪን የሚከላከል ንጥረ ነገር ዛሬ ቫይታሚን ቢ1 የምንለው ነው።

ዛሬስ?

በ1960ዎቹ የተጀመረ ጥናት በጃፓን፣ በሃዋይና በሳን ፍራንሲስኮ የሚኖሩ የጃፓን ዘር ያላቸውን ወንዶች አወዳደረ። ወደ አሜሪካ በቀረቡ ቁጥር የልብ በሽታው ጨመረ፤ ስትሮኩ ግን ቀነሰ። ዘሩ ያው ነው፤ ሳህኑ ነው የተለየው።

መንግሥት በ2005 የምግብ ትምህርት ሕግ አወጣ። የትምህርት ቤት ምሳ ከ1954 ጀምሮ በሕግ የተደገፈ ነው፤ ልጆች ራሳቸው ያስተናግዳሉ፣ ከመምህሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይበላሉ። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ከ40 እስከ 74 ዓመት ያለ ሰው ቦርጩ ይለካል። ለወንድ 85፣ ለሴት 90 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ምክር ይሰጠዋል። የኦኪናዋ ወንዶች በዚህ ልኬት ከአገሪቱ ወፍራሞቹ መካከል ናቸው። የነፍስ ወከፍ ገቢያቸው ደግሞ ከጃፓን ዝቅተኛው ነው፤ ርካሹና ቅርቡ ምግብ ዛሬ ስኳር ድንች አይደለም።