ከርነል ፓኒክ ምንድን ነው?

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ አካባቢ ለሚጠግኑ ልጆች ጥቁር ስክሪኑ በነጭ ጽሑፍ ተሞልቶ ቀጥ ያለ ላፕቶፕ ሲመጣላቸው፣ የመጀመሪያው ሐሳብ «ፎርማት ይደረግ» ነው። እባካችሁ፣ ከዚያ በፊት ስክሪኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጽሑፉ የጥፋቱ ማስረጃ ነው፤ ማሽኑ ከጠፋ ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል።

ከርነል የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ሜሞሪ የሚያድለው፣ ፕሮሰሰሩን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው፣ ከዲስክና ከኔትወርክ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ብሮውዘር ቢበላሽ ከርነሉ ይዘጋውና ሌላው ሥራ ይቀጥላል። ራሱ ከርነሉ ሲሳሳት ግን ከበላዩ ሆኖ የሚያርመው የለም። ስለዚህ መቀጠሉ አደገኛ ሲሆን ሁሉን ነገር ያቆማል። በሊኑክስና በማክ ከርነል ፓኒክ የሚባለው ይሄ ነው። የዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪንም ያው ነው።

ብዙ ሰው ፓኒኩን ራሱን እንደ በሽታ ያየዋል። እኔ ጥበቃ ነው እላለሁ። ሜሞሪው የተዘበራረቀበት ከርነል ቢቀጥል የተበላሸ ዳታ ዲስክ ላይ ሊጽፍ ይችላል። የሱቁ ሒሳብ ከሚበላሽ ማሽኑ ቢቆም ይሻላል።

ፓኒኩ ከተደጋገመ ፎቶዎቹን አስተያዩ። የወደቀበት ቦታ በየጊዜው የሚለያይ ከሆነ መጀመሪያ ራሙን (ሜሞሪውን) ጠርጥሩ፤ ሜምቴስት የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም አስነስታችሁ አሳድሩት። በድሬ ሙቀት ፋኑ በአቧራ መዘጋቱንም ማየት ነው። ሁሌ አንድ ቦታ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከኮዱ፣ በተለይም ከድራይቨር (አንድን የሃርድዌር ክፍል ከሚያሠራው ኮድ) ነው።

አሁን ፎቶውን አጉሉት። «ነል ፖይንተር» የሚል መስመር አለ እንበል፤ አድራሻው 8 ነው። ፖይንተር ሜሞሪ ውስጥ ያለን ነገር አድራሻ ይይዛል። እዚህ ጋ ግን የያዘው ዜሮ ነው፣ ባዶ። ኮዱ ከዚያ ባዶ አድራሻ 8 ባይት አለፍ ብሎ ያለ መረጃ ሊያነብ ወይም ሊጽፍ ሲል ወደቀ። ዝቅ ብሎ የወደቀው ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ስም ከሁለት ቁጥሮች ጋር ይገኛል። አንደኛው ከፈንክሽኑ መነሻ ስንት ባይት ላይ እንደወደቀ፣ ሁለተኛው የፈንክሽኑን ሙሉ ርዝመት ይናገራል። የዚያኑ ከርነል የዲበግ መረጃ (አድራሻን ከኮድ መስመር ጋር የሚያገናኝ ፋይል) የያዘ ሰው ከዚህ ተነስቶ የኮዱን መስመር ያገኛል።

መስመሩን ማግኘት ግን መጠገን አይደለም። «ባዶ ከሆነ እለፈው» የሚል አንድ መስመር ጨምሮ መገላገል ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ስህተቱን መደበቅ ብቻ ይሆናል። መጠየቅ ያለበት ለምን ባዶ ሆነ ነው። ለምሳሌ ፍላሽ በድንገት ሲነቀል አንዱ የከርነል ክፍል መረጃውን ያጠፋል፣ ሌላው ገና እየተጠቀመበት ነው። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ካልተገጣጠሙ ምንም አይታይም። ሺህ ጊዜ ደህና ሠርቶ አንዴ ጉድ ይሠራል። እዚህ ሎክ፣ ማለትም አንዱ ሳይጨርስ ሌላው መረጃውን እንዳይነካ የሚያግድ ቁልፍ፣ ያስፈልጋል፤ ወይም የመጨረሻው ተጠቃሚ ሳይጨርስ መረጃው እንዳይጠፋ የሚጠብቅ ቆጣሪ።

ድሮ ደህና የነበረ ማሽን በአዲሱ ከርነል ከታመመስ? ያኔ ቢሴክት ይደረጋል። ደህና ከነበረውና ከተበላሸው ቅጂ መሐል ያለው ይሞከራል፣ ቀጥሎ የቀረው ለሁለት ይከፈላል፣ እንዲሁ እየተባለ። 10,000 ለውጥ ቢኖር ወደ 14 ሙከራ ይበቃል። በየሙከራው ከርነል መገንባትና ማሽኑን ማስነሳት ስላለ ቀኑን ሊጨርስ ይችላል፤ ያም ሆኖ በመጨረሻ ጥፋቱን ያመጣው አንድ ለውጥ ከነጸሐፊው ስም ይገኛል። ፎቶውን አያይዞ ለእሱ መጻፍ ነው።