ካቢኔት ሲበዛ ኪችን አይሰፋም

ሐዋሳ ውስጥ የኪችን ካቢኔት መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ስልክ ሲደወልልኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። «ወንድሜ፣ ኪችኔ ጠባብ ነው። እስከ ጣሪያ ድረስ ካቢኔት ግጥም አድርገህ ሙላልኝ። ዕቃው ሲገባ ሰፋ ይላል።» አይሰፋም። ይህን ስናገር ዓመታት አለፉ፤ አሁን ግን ጽፌ ልገላገል። መጀመሪያ ኪችን ያሰፋሉ ተብለው የሚነገሩትን ሌሎች ትንንሽ ነገሮች ላንሳ።

«ነጭ ቀለም ያሰፋል» ይባላል። ብርሃን ካለ አዎ። መስኮቱ በዕቃ ከተሸፈነ ነጩም ግራጫ ነው የሚመስለው። ከምድጃው በላይ ያለው ነጭ ደግሞ በዘይትና በቁሌት እንፋሎት ቶሎ ይወይባል። እዚያ ጋ የሚታጠብ ሴራሚክ ይለጠፍ። ሌላው ግድግዳ ነጭም ሆነ ክሬም ለውጥ የለውም።

«ለጠባብ ቤት ትንንሽ ሴራሚክ።» ተቃራኒው ነው። ሴራሚኩ ባነሰ ቁጥር መስመሩ ይበዛል፣ ዓይን አያርፍም።

«ግድግዳውን አፍርሰን ከሳሎን እናገናኘው።» ቤቱ የኪራይ ከሆነ ወሬው እዚህ ላይ ያበቃል። የራስ ከሆነም መሐንዲስ ሳያየው መዶሻ አይነሳም። ኮለንና ቢም (የኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ) ባለው ፎቅ ላይ ብሎኬቱ ብዙ ጊዜ ሸክም የለበትም። በቆዩ ቤቶች ግን ጣሪያውን የያዘው ራሱ ግድግዳው ሊሆን ይችላል። የውኃና የመብራት መስመርም በውስጡ ሊያልፍ ይችላል። ደግሞ የእኛ ምግብ ቁሌት ነው፤ ግድግዳው ሲነሳ ሽታው ሶፋና መጋረጃ ላይ ነው የሚያድረው።

«ሲሊንደሩን ካቢኔት ውስጥ ደብቅልኝ።» እዚህ ላይ እቆጣለሁ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ካፈሰሰ ወርዶ ወለል ላይ ይተኛል። የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ከሆነ እዚያው ተጠራቅሞ አንድ ብልጭታ ይጠብቃል። ለማስዋብ ተብሎ በእሳት አይቀለድም። ሲሊንደር አየር የሚያገኝበት ቦታ ይቁም፣ ይታይ። ፍሪጅንም እንደዚሁ በካቢኔት አትጠፍሩት። ከጀርባው ሙቀት የሚወጣበት ክፍተት ይፈልጋል፤ በሐዋሳ ሙቀት ደግሞ ይብስበታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ኪችን ወርዱ 1 ሜትር ከ80 ነው። የታችኛው ካቢኔት ጥልቀት 60 ሳንቲሜትር ነው። በሁለቱም በኩል ይሠራ ሲባል 1 ሜትር ከ20 ሄደ ማለት ነው። የቀረው 60 ሳንቲ ነው። ድስት ለማውጣት ጎንበስ ስትሉ ጀርባችሁ ከኋላው ካቢኔት ጋር ይጋጫል። አንዱ ሲያበስል ሌላው ውኃ ልቅዳ ብሎ ማለፍ አይችልም። አንደኛውን ጎን ወደ 30 ሳንቲ ብታወርዱት ግን መተላለፊያው 90 ይሆናል። ሲኒ፣ ብርጭቆ፣ ቅመምና ጀበና ከ30 ሳንቲ በላይ ጥልቀት አይፈልጉም። እንዲያውም 60 ሳንቲ ውስጥ ወደ ኋላ የተገፋ ብርጭቆ ለዓመት በዓል እንኳን አይታወስም።

የላይኛው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኪችን ውስጥ ስትቆሙ ፊታችሁ ያለው ከደረት እስከ ራስ ያለው ግድግዳ ነው። እሱ በሁለቱም በኩል በካቢኔት ከተሞላ ክፍሉ ይጫናችኋል። «ጠበበኝ» የሚያሰኘው እሱ ነው።

እዚሁ ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ። «ተጨማሪ ካቢኔት ሥራልኝ፣ መፈናፈኛ አጣሁ» ብላ ነው የጠራችኝ። ስገባ አራቱም ግድግዳ ሙሉ ነው። የቀደመው ሠራተኛ የመስኮቱን ግማሽ ሳይቀር በካቢኔት ሸፍኖታል። «እህቴ፣ መጀመሪያ ሁሉንም እናውጣ» አልኳት። አወጣን። ክዳን የሌላቸው ፕላስቲክ ዕቃዎች፣ ከሠርጓ ጀምሮ ከካርቶናቸው ያልወጡ ሦስት የሻይ ስኒ ስብስቦች፣ የተሰነጠቀ ምጣድ፣ ባዶ የዘይት ጀሪካኖች። በየቀኑ የምትጠቀምበት ሁሉ ተሰብስቦ ከሁለት ካቢኔት አላለፈም። አዲስ አልሠራሁም፤ በመስኮቱ በኩል ያለውን ነቀልኩት። የጠዋት ፀሐይ ወለሉ ላይ ወደቀች። ማታ ባሏ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ «ግድግዳ አፈረሳችሁ እንዴ?» አለ። አንድ ብሎኬት አልተነካም።

ይህን ሠራተኛው ለምን አይነግራችሁም? ብዙዎቻችን የምናስከፍለው በሜትር ነው። ካቢኔቱ በረዘመ ቁጥር ሒሳቡም ይረዝማል። እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያዘዙኝን ዝም ብዬ ስሠራ ነበር፤ ዛሬ እነዚያን ቤቶች ሳስብ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ዕቃውን በሙሉ ወለል ላይ አውጡ። በየቀኑ የሚነካው ከጉልበት እስከ ዓይን ባለው ቦታ ይግባ። የበዓል ትልልቅ ድስት ከሁሉም በላይ ይውጣ፤ ለእሱ በአንድ በኩል ብቻ እስከ ጣሪያ የሚደርስ ካቢኔት ይበቃል። ጤፉን በኩንታሉ ኪችን ውስጥ አታቁሙት። ለሳምንት የሚበቃው በባልዲ ይቀመጥ፣ ቀሪው ሌላ ክፍል ይደር። ጀሪካን ጣሉ አልልም፤ ውኃ ሲጠፋ ማን ይደርስላችኋል? ግን ከሲንኩ ጎን አንድ በር የሌለው ክፍት ቦታ ይተውላቸው። መሐል መተላለፊያ ላይ ተደርድረው ነው እግር የሚያስሩት።

አምፖልም «ትልቅ ሲሆን ያሰፋል» ይባላል። ጣሪያው መሐል አንድ ኃይለኛ አምፖል ብትሰቅሉ ሽንኩርት ስትከትፉ ጥላችሁ መክተፊያው ላይ ነው የሚወድቀው። ከላይኛው ካቢኔት ሥር ቀጭን ኤልኢዲ ይለጠፍ። ጥግ ጥጉ ሲበራ ክፍሉ ወደ ኋላ የሄደ ይመስላል።

የቀረው ምጣድ ነው። «የኤሌክትሪክ ምጣድ ቋሚ ቦታ ይፈልጋል» ይሉኛል። ቋሚ የሚፈልገው መስመሩ ነው፤ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ከሌላ ዕቃ ጋር በማከፋፈያ አይሰካም። ምጣዱ ራሱ ግን ስፋቱ ወደ 60 ሳንቲ ነው። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ለሚሠራ ዕቃ የኪችኑን ምርጥ ጥግ መስጠት ያሳዝናል። ለአቶቴዋ ደንበኛዬ ጎማ ያለው የብረት መቆሚያ አስበየድኩላት። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ከበረንዳ ተገፍቶ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይወጣል። በሌላው ቀን በቦታው ዱካ አስቀምጣ ጎመን ትቀነጥስበታለች፤ ትንሿ ልጇም የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቧ ትቀመጣለች።