የቤተሰብ ታሪክ በእንግሊዝ የገጠር መንደሮች

የዛሬው እንግሊዛዊ አብዛኛውን ጊዜ የከተማ ሰው ነው። ቅድመ አያቶቹን መፈለግ ሲጀምር ግን ገጠር ይገባል። በ1851 በተደረገው የህዝብ ቆጠራ የከተማው ነዋሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ከገጠሩ በልጦ ተገኘ። ከዚያ በፊት ብዙው ሰው የመንደር ልጅ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋናው ምንጭ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። በ1538 የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ቀኝ እጅ የነበረው ቶማስ ክሮምዌል አንድ ትእዛዝ አወጣ። እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በየሳምንቱ ይመዝግብ አለ። መዝገቡም ሁለት ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጥ፤ አንዱን ቁልፍ ቄሱ፣ ሌላውን የምእመናኑ ተጠሪዎች ይያዙ ተባለ። ህዝቡ ግን «አዲስ ግብር ሊያመጡብን ነው» ብሎ ጠረጠረ።

በ1598 ደግሞ መዝገቡ ሁሉ በብራና እንዲገለበጥ፣ በየዓመቱም አንድ ቅጂ ለጳጳሱ እንዲላክ ታዘዘ። ትእዛዙ በተለይ ከንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ ዘመን ወዲህ ያለውን ነበር የሚያሳስበው። ስለዚህ ብዙ ቄሶች ከ1558 በፊት ያለውን ሳይገለብጡ ተዉት። የስንት መንደር የመጀመሪያ 20 ዓመት በዚህ ምክንያት ጠፍቶ ቀርቷል! በ1640ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳም የብዙ አጥቢያ መዝገብ ተቋረጠ።

የጥንቱ መዝገብ ቁጥብ ነው። ቀን፣ የሕፃኑ ስም፣ የአባት ስም፤ አለቀ። ዘጠኝ ወር የተሸከመችው እናት ብዙ ጊዜ ስሟ እንኳ የለም። ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ ሲሆን ግን ቄሱ «ዲቃላ» ብሎ ይጽፍና የእናትየዋን ስም በግልጽ ያሰፍራል። እናትን ለማዋረድ ሲሆን ስሟን ማስታወሳቸው እስከ ዛሬ ያንገበግባል።

ከ1754 ጀምሮ ደግሞ ሙሽሮቹና ምስክሮቹ ራሳቸው መፈረም ነበረባቸው። መጻፍ የማይችል መስቀል ያደርጋል፤ ቄሱ ከጎኑ ስሙን ይጽፍለታል። እነዚህን ገጾች ማየት ልብ ይነካል። ብዕር ይዛ የማታውቅ ሴት በሠርጓ ቀን የሳበችው የተንጋደደ መስቀል አለ። ከሕይወቷ በገዛ እጇ የተጻፈው ነገር ያ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለ ድሃው ግን ከጥምቀቱም ከሠርጉም ይልቅ አብዝቶ የሚናገር ሌላ ወረቀት አለ። በ1662 የወጣ ሕግ ድሃን የመርዳት ግዴታ ያለበት የገዛ አጥቢያው ብቻ እንዲሆን አደረገ። አንድ የቀን ሠራተኛ ታሞ ወይም ሥራ አጥቶ እርዳታ ቢጠይቅ፣ አጥቢያው የት እንደሆነ ለማጣራት ሁለት ዳኞች ፊት ይቀርባል። የት ተወለድክ? ማን ቤት ተቀጠርክ? ዓመቱን ሙሉ አገለገልክ? ደመወዝህ ስንት ነበር? ሚስትህ የት አገር ሰው ናት? ልጆችህ ስንት ናቸው? መልሱ ሁሉ ይጻፋል፤ ሰውየው ከታች ምልክቱን ያደርጋል። አጥቢያው ሌላ ሆኖ ከተገኘ ከነቤተሰቡ ወደዚያ ይሸኛል።

ያላገባች ነፍሰ ጡር ሴት ዕጣ ከዚህ የባሰ ነበር። ልጇ በተወለደበት መንደር ይቆጠራልና፣ ሳትወልድ ከአጥቢያው ለማስወጣት ይጣደፉ ነበር። የልጇን አባት ስም እንድትናገርም ትጠየቃለች፤ ወጪውን እንዲከፍል ነው። ሥርዓቱ ጨካኝ ነበር። የድሃው የሕይወት ታሪክ ከራሱ አንደበት የተጻፈው ግን በዚሁ ሥርዓት ነው። ባለጸጋው ደብዳቤ፣ ኑዛዜና የተቀረጸ ሐውልት ትቶ ያልፋል። ድሃው ግን የመቃብር ድንጋይ እንኳ የሚገዛበት አልነበረውም።

አንዳንዴ መዝገቡ የአንድን መንደር መከራ ቀን በቀን ይነግረናል። በደርቢሸር ካውንቲ ያለችው ኢያም እንዲህ ናት። በ1665 ከለንደን ለልብስ ሰፊ በመጣ ጨርቅ ወረርሽኝ እንደገባባት ይነገራል። በሚቀጥለው ዓመት በሰኔ አዝማሚያው ሲከፋ፣ ቄሱ ዊልያም ሞምፔሰንና ከእሱ በፊት ያገለገለው ቶማስ ስታንሊ ህዝቡን አግባቡ። ማንም አይውጣ፣ ማንም አይግባ ተባለ። የአጎራባች ሰዎች ምግብ ድንበር ላይ ያስቀምጡላቸው ነበር። የመንደሩ ሰዎችም በሽታው እንዳይተላለፍ ብለው ሂሳቡን በድንጋይ ላይ በተቦረቦረ ጉድጓድ፣ ሆምጣጤ ውስጥ ነክረው ይተዉላቸዋል።

ኤልዛቤት ሀንኮክ የምትባል እናት በነሐሴ 1666 በ8 ቀን ውስጥ ባሏንና 6 ልጆቿን ቀበረች። የቀባሪ እርዳታ የለም፤ እየጎተተች የቀበረቻቸው ራሷ ናት። መቃብራቸው ዛሬም ከመንደሩ ወጣ ብሎ በድንጋይ አጥር ተከቦ ይታያል። የሞምፔሰን ባለቤት ካትሪንም በዚያው ወር ሞተች። በጠቅላላው ወደ 260 ሰው እንዳለቀ ይነገራል። አሁን በኢያም ቤቶች ፊት እዚያ ቤት የሞቱት ሰዎች ስም ተለጥፏል።

የህዝብ ቆጠራው ሌላው ምንጭ ነው። የሰዎች ስም በስፋት ተይዞ የቀረው ከ1841 ጀምሮ ነው። የ1851ዱ ደግሞ ሰው የተወለደበትን አጥቢያ ጭምር ስለሚናገር ወደ ቀድሞው መንደር መልሶ ይመራል። ከሐምሌ 1837 ወዲህም ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት ይመዘገባል።

መንደሮቹ ውስጥ ስትዘዋወር ቶሎ የምታየው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሟቾች ስም የተጻፈበት ሐውልት ነው። ትንሽ መንደር ሆና አንድ የቤተሰብ ስም ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ታነባለህ። ወንድማማቾች ወይም ያጎት ልጆች ናቸው። የዘመቱት ሁሉ በሕይወት የተመለሱላቸው መንደሮች በጣም ጥቂት ናቸው፤ በእንግሊዝና በዌልስ በጠቅላላው ከ50 እምብዛም አይበልጡም።

ሁለተኛው ጦርነት ደግሞ አንዳንድ መንደሮችን ራሳቸውን ወሰደ። በዶርሴት ባሕር ዳርቻ ያለችው ታይነም በታኅሣሥ 1943 ለታንክ ልምምድ ተብላ ተለቀቀች። ወደ 225 ሰው ከቤቱ ወጣ። ሲወጡ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ማስታወሻ ለጠፉ። ቤተ ክርስቲያኑንና ቤቶቹን በጥንቃቄ ያዙልን፣ ጦርነቱን ለማሸነፍ ስንል ለትውልዶች የኖርንባቸውን ቤቶች ሰጥተናል፣ አንድ ቀን እንመለሳለን የሚል ነበር። ጦርነቱ አለቀ፤ ሠራዊቱ ግን መሬቱን አልለቀቀም። ዛሬ ታይነም ጎብኚ የሚገባባት ጣሪያ አልባ መንደር ናት። የትምህርት ቤቱ ክፍል ታድሶ የልጆቹ ስም ከኮት መስቀያው አጠገብ ተጽፎ ይታያል። በዊልትሸር ያለችው ኢምበርም በዚያው ወር እንዲሁ ተለቅቃ ሰው ሳይመለስባት ቀርታለች።

ከመዝገብና ከድንጋይ ውጪ ያለውን የኑሮ ታሪክ በመሰብሰብ የገጠር ሴቶችን የሚያህል የለም። የገጠር ሴቶች ማኅበር በ1965 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር አባላቱ የየመንደራቸውን የዓመቱን ሕይወት በትልልቅ ደብተር እንዲያዘጋጁ ውድድር አወጣ። ሴቶቹ ፎቶ፣ የሱቅ ደረሰኝ፣ ቁራጭ ጨርቅ ሳይቀር ለጠፉበት። ያን ጊዜ ተራ ነገር ነበር። አሁን ብዙዎቹ ደብተሮች ከአጥቢያ መዝገቦቹ ጋር በየካውንቲው ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ለእኔ ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ይበልጣሉ።

የቅርቡ ዘመን ግን ክፍተት አለው። የቆጠራ ቅጾች ለ100 ዓመት ተዘግተው ስለሚቆዩ የ1921ዱ የተከፈተው በ2022 ነው። የ1931ዱ በ1942 በእሳት ወድሟል። በ1941 ጦርነት ስለነበር ቆጠራ አልተካሄደም። በመስከረም 1939 የተደረገ የህዝብ ምዝገባ ጥቂት ይረዳል እንጂ፣ ቀጣዩ የ1951 ቆጠራ እስከ 2050ዎቹ መጀመሪያ አይከፈትም። በመሃል ያለውን የሚያውቁት አረጋውያኑ ናቸው። በየመንደሩ ያሉ የታሪክ ወዳጆች አሁን ድምፃቸውን እየቀዱ ነው። ጥሩ የሚሠራው ዘዴ አረጋዊውን ይዞ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር መሄድ ነው። በየበሩ ቆሞ ማን እዚህ ይኖር እንደነበር፣ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ልጆቹ የት እንደሄዱ መጠየቅ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ያልመጣላቸው ስም በሩ ፊት ሲደርሱ ይመጣላቸዋል።