እሳት የማያነዱት ዘበኛ

ቆዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በገባን ሰሞን ብርዱ አስደነገጠን። ሜዳ ነው፤ ነፋሱን የሚመልስ ነገር የለም። የብሎካችን የሌሊት ዘበኛ ግን ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ሲዞሩ ያድራሉ። አንድ ቀን ከአዳር ጸሎት ሊነጋጋ ሲል ስገባ በር ላይ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ለምን እሳት አያነዱም?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ብርድማ ያነቃል። ዘበኛን የሚያስተኛው እሳት ነው። ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ማንም ይነቃል፤ ጉዱ የሚመጣው ዶሮ ሲጮህ ነው።»

የአዳሩን ስብከት ግማሹን አንቀላፍቼበታለሁ፤ አልዋሽም። ይዤ የገባሁት የእሳቸውን ቃል ነው።

ማርቆስ 13ን ከፈትኩ። ጌታ በረኛው እንዲተጋ ካለ በኋላ፣ የቤቱ ጌታ ሊመጣ የሚችልባቸውን ሰዓቶች ይጠራል፦ ማታ፣ እኩለ ሌሊት፣ ዶሮ ሲጮኽ፣ ማለዳ። ሮማውያን ሌሊቱን የሚከፍሉት በእነዚህ አራት የጥበቃ ፈረቃዎች ነበር። እኛ ክፍሉን የምናነበው ስለ ዳግም ምጽአት ነው። ልክ ነው። ግን ገጹን ግለጡት። በመሸ ጊዜ ጌታ ማዕድ ላይ ነው፤ አሳልፎ የሚሰጠው ሰው አብሮት ይበላል። ሌሊቱ ሲገፋ ጌቴሴማኒ ላይ ጴጥሮስን ጨምሮ ሦስቱ ደቀ መዛሙርት ተኝተዋል። ዶሮ ሲጮኽ ጴጥሮስ ክዷል። ማለዳ ጌታ ጲላጦስ ፊት ነው። አራቱም ፈረቃ በአንድ ሌሊት አለፈ። አንድም በረኛ ግን አልተገኘም።

ጴጥሮስን ልብ በሉት። ሰይፍ ሲመዘዝ ነቅቶ ነበር። እንደዚያማ ማንም ይነቃል። የወደቀው እሳት ዳር ነው። ዮሐንስ 18፥18 ብርድ እንደነበረ፣ ሎሌዎቹ ፍም አንድደው ሲሞቁ ጴጥሮስም አብሯቸው ይሞቅ እንደነበር ይነግረናል። ሰይፍ ያልጣለውን ሰው የአንዲት ገረድ ጥያቄ ጣለው።

የእኛም ነገር ይኸው ነው። የሰው ቤት ተከራይተን ሳለን፣ አከራይ ኪራይ ጨመረ በተባለ ቁጥር እንንበረከክ ነበር። ለዕጣው ጾምን። ቁልፍ ከተቀበልን በኋላ የማክሰኞው የቤት ለቤት ጸሎት መጀመሪያ ሰዓቱ አጠረ። ቀጥሎ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ሆነ። አሁን የቴሌግራም ግሩፕ ሆኗል፤ አንዱ ጥቅስ ይለጥፋል፣ ሌላው «አሜን» ይላል። የተጣላ የለም፣ የካደም የለም። ሞቀን እንጂ።

ቤት ማግኘት ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ጋሼም ጋቢ ይለብሳሉ እኮ። ግን ኮሽታ ባይኖርም ተነስተው ይዞራሉ፤ የተቆለፈውን በር እንደገና ነካ አድርገው ያያሉ። እኔም ከእሳቸው ይህችን ወስጃለሁ። ጠዋት ስልኬን ከመክፈቴ በፊት ጥቂት ጥቅስ አነባለሁ። ማታ ደግሞ «ዛሬ በልቤ በር ምን ገባ?» እላለሁ። አንዳንድ ማታ መልሱ ያሳፍራል።

«በመጠን ኑሩ ንቁም» ብሎ የጻፈልን ያው የተኛው ጴጥሮስ መሆኑ ያጽናናኛል። ከትንሣኤው በኋላ፣ ሲነጋ፣ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሌላ ፍም ነበር፤ ዓሣና እንጀራም ነበር። ያዘጋጀው ጌታ ነው። ጴጥሮስ እንደገና እሳት ዳር ተጠየቀ። አሁንም ሦስት ጊዜ። የአሁኑ ጥያቄ ግን «ትወደኛለህን?» የሚል ነበር።